የጭራቁ ልብስ ከውስጥ ይጀመራል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሳይንሳዊ ልብወለድ ፊልሞች የጭራቅና የባዕድ ዓለም ፍጡር ልብስ ለብሰው ስለተጫወቱ ተዋናዮች ትዝታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ፣ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ለመድረክና ለፊልም አልባሳትና ጭምብል የምንሠራ ባለሙያዎች ተቀባብለን አንብበነዋል። ሙቀቱ፣ ላቡ፣ መታፈኑ በደንብ ተነግሯል። ይህ ሁሉ ከየት እንደሚመጣና በምን እንደሚቀንስ ግን አልተነካም። በየከተማችን ወጣቶች ስልክና ስፖንጅ ይዘው እንዲህ ያለውን ፊልም መሞከር ስለጀመሩ፣ የቀረውን ብንጨምርበት ሰው ከጉዳት ያድናል ብለን ጽፈናል።

የምንለው አንድ ነው። ገንዘቡም ጊዜውም ጥርሱና ቀንዱ ላይ ያልቃል፤ ውስጥ ያለው ሰው በምን እንደሚተነፍስ፣ በየት እንደሚያይ፣ በምን ላይ እንደሚያርፍ የሚታሰበው ልብሱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ቀዳዳ ለማውጣት ቢሞከር መልኩ ይበላሻል፤ ስለዚህ «ትንሽ ቻለው» ይባላል። ሥራው መጀመር ያለበት ከዚያ ሰው ነው።

ትልልቆቹም ስቱዲዮዎች ይህን የተማሩት ተቸግረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የጃፓን ፊልም ግዙፍ ጭራቅ፣ የጎድዚላ የመጀመሪያ ልብስ ወደ 100 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። ውስጡ በቀጫጭን ቀርከሃና በሽቦ ተዋቅሮ፣ በጨርቅና በመሙያ ተደልድሎ፣ ላዩ ላቴክስ የተባለው ፈሳሽ ጎማ ተቀብቷል። ተዋናዩ ሐሩኦ ናካጂማ ለብሶት ከጥቂት እርምጃ በላይ መሄድ አልቻለም። ልብሱ ከመሐል ተቆርጦ ግማሽ አካል ብቻ ለሚታይባቸው ቀረጻዎች ዋለ፤ ለቀሪው ሌላ ቀለል ያለ ተሠራ። ናካጂማ መካነ አራዊት እየሄደ የዝሆንና የድብ አረማመድ አጥንቶ፣ እስከ 1972 ድረስ በ12 ፊልሞች ይህንኑ ፍጡር ሆኖ ተጫውቷል። የአካሄድ ጥናቱ ዋጋ ያገኘው ግን ልብሱ ለመራመድ ከፈቀደ በኋላ ነው።

እኛ ጎጃም ውስጥ ከአዊ የሚመጣው ቀርከሃ በእጃችን ነው። ለትከሻ ጎባጣ፣ ለጀርባ ቅርፊት፣ ለትልቅ ራስ አጽም የሚሆን ከእሱ የተሻለ ቀላል ነገር በቀላሉ አይገኝም። እርጥብ ሳለ በቁመቱ ተሰንጥቆ፣ በእሳት ወላፈን ቀስ ተብሎ ከተጎበጠ ቅርጹን ይዞ ይደርቃል። ነገር ግን ስንጥቁ ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ በአሸዋ ወረቀት መታሸትና ሰውነት በሚነካበት በኩል ሁሉ በጨርቅ መጠቅለል አለበት። መጋጠሚያዎቹ በሽቦ ብቻ ከታሰሩ የሽቦው ጫፍ ወደ ውስጥ እንዳይዞር አደራ። ጠንካራ ሽፋን ሲሰበር ለባሹን ይወጋዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ስታር ዋርስ የተባለው ፊልም ቱኒዚያ ውስጥ ሲቀረጽ የወርቃማውን ሮቦት ልብስ የለበሰው አንቶኒ ዳንኤልስ ገና በመጀመሪያው ቀን የእግሩ ሽፋን ተሰብሮ እግሩን ወግቶታል። እኛ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከነራሱ ከ10 ኪሎ በላይ አንሠራም። ከዚያ በላይ ከሆነ የሚቀነስ ነገር አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም ትርፉ የሚገኘው በላቴክሱ ውፍረት ነው።

ልክ አወሳሰዱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ተዋናዩ የማይፈለግ ጠባብ ቲሸርትና ሱሪ ይለብስና በላዩ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ሦስት ድርብ ይጠመጠምበታል። የሚቆመው ፍጡሩ በሚቆምበት አኳኋን ነው፤ ጉልበቱን የሚያጥፍ ፍጡር ከሆነ ጉልበቱን አጥፎ። ቀጥ ብሎ በቆመ ሰው ልክ የተሠራ ልብስ ጎንበስ ሲባል ጀርባው ላይ ይቀደዳል፤ ሆዱ ላይ ይታጠፋል። አንገትና ደረት ላይ አይጠብቅ፤ በሙሉ ትንፋሽ ሳንባው ተሞልቶ ሳለ ይለካ። ሥራው ከአንድ ሰዓት አይለፍ፤ ጉልበቱን ቆልፎ ለረጅም ጊዜ የቆመ ሰው ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ከዚያ ከጀርባ በኩል በመቀስ ተቀዶ ይወጣል፣ በጨርቅ ቁርጥራጭ ይሞላል፣ ልብሱም በዚያ ምስል ላይ ይሠራል።

ፊት ላይ ተለጥፎ የሚሠራ ጭምብል ከሆነ ጥርስ ሐኪሞች የጥርስ ልክ የሚወስዱበት አልጂኔት ያስፈልጋል። ቅንድብና ሽፋሽፍት ቫዝሊን ይቀባል። አፍንጫ ቀዳዳ ላይ አንድ ሰው ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቃል፤ ቱቦ መሰካት ከሚረዳው ይልቅ ቢነካ የሚያቆስል ነው። አልጂኔቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጠነክራል፤ ውኃው ቀዝቃዛ ከሆነ ይዘገያል። በላዩ ለስብራት የሚታሰረው የጄሶ ፋሻ ይደረብበታል። ወፍራም ጄሶ ባዶ ቆዳ ላይ ማፍሰስ ግን ፈጽሞ አይሞከርም። ጄሶ ሲጠነክር ይግላል፤ በወፈረ መጠን ግለቱ ስለሚጨምር ቆዳን ክፉኛ ያቃጥላል።

ለትልቅ ራስ አስተማማኙ መነሻ የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉት ሄልሜት ነው። ውስጡ ያለው ማጥበቂያ መታጠቂያ ራስን ከቅርፊቱ ያርቃል፤ በመሐል አየር ያልፋል። ስፖንጁን ቀጥታ ራስ ላይ የሚያርፍ አድርጎ የሚሠራ ሰው ሁለት ጥፋት ይሠራል፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ተዋናዩ ራሱን ሲያዞር ጭምብሉ ወደ ኋላ ይቀራል። መንቁር ወይም መንጋጋ ወደ ፊት ከረዘመ አንገት ይታመማል። ማመጣጠኛ ድንጋይ ከመጨመር ይልቅ ከታች ለምንጠቅሰው አየር ማውጫ ፋን የሚያስፈልገውን ባትሪ ከማጅራት በላይ መትከል ይሻላል፤ ያው ክብደት ሁለት ሥራ ይሠራል።

ሥጋው የፍራሽ ስፖንጅ ነው። በመቀስ ተከርክሞ በጠባብ ተለጣጭ ልብስ ላይ በማስቲሽ ይለጠፋል። ማስቲሹ በሁለቱም ገጽ ተቀብቶ ጣት ሲነካው እስከማይስብ ድረስ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ይቆያል። እርጥቡን ያጣበቀ ሰው ስፌቱ በመጀመሪያው ቀን ይከፈትበታል። ክንድ መታጠፊያ፣ ጉልበትና ብሽሽት ላይ ስፖንጁ አይቀጥልም፤ በዚያ ቦታ ተቆርጦ እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል። የማስቲሽ ጭስ ራስ ያዞራል፤ በእሳትም ይያያዛል። በር ተዘግቶ፣ ከሰል ተቀጣጥሎ ቡና እየተፈላ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ መከፈት የለበትም። ያለቀው ልብስም ሽታው እስኪጠፋ ቢያንስ ሦስት ቀን ነፋስ ላይ ሳይሰቀል ማንም አይለብሰው። የጭራቁ ራስ ውስጥ የቀረው ጭስ በቀጥታ የሚገባው ወደ ለባሹ ሳንባ ነው።

ላቴክሱ በስሱ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው እየተደረበ ይቀባል። ጥሬው የአሞኒያ ሽታ ስላለው ዓይን ያስለቅሳል። ከደረቀ በኋላ ታልክ ፓውደር ካልተነሰነሰበት እርስ በርሱ ይጣበቅና ሲላቀቅ ይገነጠላል። ዘይትና ቫዝሊን ላቴክስን ይበላሉ፤ ፀሐይም ያደርቀዋል። በዚህ ዕቃ ላይ ከሁሉ በፊት የሚደረገው ግን ጥቂቱን የተዋናዩ ክንድ ውስጠኛ ገጽ ላይ ቀብቶ 24 ሰዓት መጠበቅ ነው። ላቴክስ አለርጂ የሆነበት ሰው ሊያብጥ፣ ትንፋሹም ሊዘጋ ይችላል። ቀለሙ ከላቴክሱ ጋር ተቀላቅሎ ካልተቀባ ክርን ላይ ይሰነጠቃል፤ የግድግዳ ቀለም ደግሞ በአንድ ቀን ይረግፋል። ፀጉር ለሚበዛበት ፍጡር ቃጫ ተነድፎና ተነክሮ ጥሩ ይሆናል፤ እሳት አጠገብ ግን አይቀርብም። የፍየል ቆዳ ለማየት ያምራል፤ ከባድ ነው፣ ሙቀቱም ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው ስታር ዋርስ ፒተር ሜይሂው የለበሰው የፀጉራሙ ፍጡር የቹባካ ልብስ የያክና የአንጎራ ፍየል (ሞሄር) ፀጉር ነበር፤ የፀጉሩ ዓይነት ብቻ ከተቀዳና መተንፈሻው ከተዘነጋ ለባሹ ይቀቀላል።

አሁን ወደ አየሩ እንምጣ፤ የዚህ ደብዳቤ ልብ ይኸው ነው። ትልቅ ራስ ውስጥ የወጣው ትንፋሽ ሳይወጣ ይከማቻል፤ ተዋናዩም መልሶ የሚስበው እሱኑ ነው። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ከዚያ ያንገላጅጃል፤ ድካም ነው ተብሎ ይታለፋል። መፍትሔው የሁለት ቀዳዳ ጉዳይ ነው፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። ንጹሕ አየር በአፍ ወይም በአንገት በኩል ይገባል፤ ትኩሱ ወደ ላይ ስለሚወጣ አናት ላይ በቀንዱ ወይም በጋማው ሥር ይወጣል። ፋኑ የሚተከለው ከላይ፣ አየር ወደ ውጭ እንዲስብ ሆኖ ነው። ከአሮጌ ኮምፒውተር የሚወጣ 8 ሳንቲ ሜትር ፋን በ12 ቮልት ይሠራል፤ በፓወር ባንክ የሚሠራ ከተፈለገ የ5 ቮልቱ ይገዛል። ብዙዎች ፋኑን ፊት ለፊት ወደ ዓይን እንዲነፍስ ይተክሉታል፤ ዓይን ያደርቃል፣ ትኩሱ አየር ግን እዚያው ይሽከረከራል። ድምፁ ማይክ ውስጥ ይገባል ብሎ ፋኑን ማጥፋት ትልቅ ስህተት ነው። የጭራቅ ድምፅ ከቀረጻ በኋላ የሚሠራ ስለሆነ ምንም አይጠፋም።

ከአንገት በታች ያለው ሙቀት ሌላ ነው። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው፤ ስፖንጅና ላቴክስ ውስጥ አይተንም። ስለዚህ ለባሹ ምንም ያህል ቢያልበው አይቀዘቅዝም፤ ውኃና ጨው ብቻ ያጣል። በጥጥ ጨርቅ ኪስ የተሰፋለት ሰደርያ ደረቱና ጀርባው ላይ በረዶ የያዘ ላስቲክ ይሸከማል፤ በረዶው ቀጥታ ቆዳ አይነካም። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሲሆን ካሜራው የት ደረሰ ሳይባል የጭራቁ ራስ ይወልቃል። የሚጠጣው ሻይ ሳይሆን ውኃ፣ ሲብስም ከጤና ጣቢያ የሚገኘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ነው። ላቡ ድንገት ከቆመ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ የተጠየቀውን ትቶ ሌላ ከመለሰ ልብሱ ይቀደዳል እንጂ ዚፕ አይፈለግም። ለዚህ ሲባል አንድ ረዳት መቀስ ይዞ ከተዋናዩ አጠገብ ይቆማል፤ ሌላ ሥራ አይሰጠውም። ብርሃን ያዥም፣ ስክሪፕት ያዥም አይደለም። ከውስጥ የሚወጣ ድምፅ ስለማይሰማ ምልክት አስቀድሞ ይወሰናል፤ ረዳቱ ትከሻውን ሁለት ጊዜ ሲነካው ተዋናዩ አውራ ጣቱን ካላነሳ ቀረጻው ይቆማል።

ቦታና ወቅት መምረጥ የሙያው አካል ነው። ባሕር ዳር ከመጋቢት እስከ ግንቦት በቀትር ሙሉ ልብስ መቅረጽ አይገባም። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያቋርጠው የአባይ በረሃ ለባዕድ ዓለም የሚሆን መልክ አለው፤ ሁሉም እዚያ መቅረጽ ይመኛል። እዚያ የሚሠራ ሰው ጎህ ሲቀድ ይጀምር፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያቁም። ጮቄ ደግሞ ይቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ከ4000 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ በሜዳ 20 ደቂቃ የሚችል ሰው እዚያ ግማሹንም ላይችል ይችላል።

የጭራቁ ዓይንና የሰውየው ዓይን አንድ ቦታ አይገጥሙም፤ ቢገጥሙ ፍጡሩ ሰው ይመስላል። ተዋናዩ የሚያየው በአፍ፣ በአፍንጫ ቀዳዳ ወይም በጉሮሮ በኩል ነው። ቀዳዳው ቱል በሚባለው ስስ መረብ ጨርቅ፣ በጥቁሩ፣ ይሸፈናል፤ ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ከውጭ አይታይም፣ ከውስጥ ግን ያሳያል። ነጭ ቱል ከሆነ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ግድግዳ ይጋርዳል። እንዲህም ሆኖ እግሩን አያይም። ስለዚህ እርምጃ ይቆጠራል፤ ማቆሚያው ቦታ ላይ ወፍራም ገመድ መሬት ላይ ተዘርግቶ በጫማው ሥር እንዲሰማው ይደረጋል። ሙሉ እንቅስቃሴው መጀመሪያ ያለ ልብስ፣ ቀጥሎ ዓይን ተሸፍኖ፣ በመጨረሻ በልብስ ይለማመዳል። እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው ፕሬዴተር የተባለ ፊልም ፍጡሩን የተጫወተው ኬቪን ፒተር ሆል ጭምብሉ ውስጥ ሆኖ በደንብ ስለማያይ እንቅስቃሴውን በቃሉ ይዞ ነበር የሚጫወተው።

እግሩ ውስጥ የተዋናዩ የራሱ ልክ የሆነ ስኒከር ይገባል፤ የፍጡሩ መዳፍ በዚያ ላይ ይሠራል። ስፖንጅ መርገጫ ክረምት ላይ ያንሸራትታል። የበረባሶ ጎማ ከሥሩ ቢሰፋና ቢለጠፍ ጭቃም ድንጋይም ይይዛል። ጅራት ካለ ክብደቱ በወገብ ቀበቶ ዳሌ ላይ ይረፍ እንጂ ከልብሱ ጀርባ ጋር አይሰፋ፤ ከተሰፋ በየእርምጃው አንገትን ወደ ኋላ ይስባል። መቀመጥም አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ኤልየን ፍጡሩን የተጫወተው ናይጄሪያዊው ቦላጂ ባዴጆ፣ ለንደን ውስጥ የግራፊክ ዲዛይን ተማሪ የነበረ ቁመቱ ከ2 ሜትር በላይ የሆነ ወጣት፣ በጅራቱ ምክንያት ወንበር ላይ መቀመጥ ስላልቻለ የሚያርፍበት ዥዋዥዌ ተሠርቶለታል። ለእኛ ዘንበል ብሎ የቆመ ጠንካራ ሳንቃ ይበቃል፤ ዋናው ተዋናዩ ሳይቀመጥ ክብደቱን የሚጥልበት ነገር ማግኘቱ ነው። ባዴጆ ለአካሄዱ ታይ ቺና ያለ ቃል ትወና ተምሯል። የፊልሙን ፍርሃት የተሸከመው ቀጭኑ ረጅም አካሉና ዝግታው ነው፤ ስሙን የሚያውቀው ሰው ግን ዛሬም ጥቂት ነው።

ዝግታ ሲነሳ የካሜራው ነገር ይመጣል። ፍጡሩ በትንንሽ ሞዴል ቤቶች መካከል ግዙፍ መስሎ እንዲታይ ተዋናዩ ብቻ ቀስ ማለቱ አይበቃም። ከ4 እጥፍ ከፍታ የሚወድቅ ነገር መሬት ለመድረስ 2 እጥፍ ጊዜ ይፈጃል፤ አቧራው፣ ፍርስራሹ፣ የጅራቱ ውዝዋዜ ይህን ሕግ ካልጠበቀ ዓይን ያውቀዋል። የ2 ሜትር ልብስ 8 ሜትር እንዲመስል ከተፈለገ በሴኮንድ በ24 ፈንታ 48 ምስል ተቀርጾ በ24 ይታያል፤ 18 ሜትር እንዲመስል 72። ስልኮች 60ና 120 ስለሚሰጡ ቅርብ የሆነው ይመረጣል። ፍጥነቱ ሲጨምር ብርሃን በዚያው ልክ ይጨመራል። ደግሞ የአገራችን መብራት በሴኮንድ 50 ዙር ስለሆነ ርካሽ አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ በ120 ሲቀረጽ ምስሉ ላይ መስመር ይሄዳል። እንዲህ ያለው ቀረጻ በፀሐይ ብርሃን ቢሆን ይመረጣል።

ስለ ጣና አጥብቀን የምንለው አለን። የፍራሽ ስፖንጅ ውኃ ውስጥ መጀመሪያ ይንሳፈፋል፣ ለባሹን ይገለብጠዋል፤ ጠጥቶ ሲጨርስ ደግሞ ወደ ታች ይስበዋል። «የጥቁሩ ሐይቅ ፍጡር» የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው ፊልም ፍጡር በሁለት ሰው የተከፈለው፣ የየብሱን ቤን ቻፕማን የውኃውን ሪኩ ብራውኒንግ የያዙት፣ ልብሱም ችሎታውም ስለሚለያይ ነው። ብራውኒንግ ትንፋሹን ይዞ ዋኝቶ በየመሐሉ ከቱቦ አየር ይስብ ነበር፤ እጅግ የበረታ ዋናተኛ ነበር። እኛ ዘንድ ፍጡሩ ከወገብ በላይ ውኃ ውስጥ ባይገባ ይሻላል፤ ለታችኛው ክፍልም ውኃ የማይጠጣው፣ የነጠላ ጫማ ሶል የሚሠራበት ዓይነት ስፖንጅ ይሁን። ቢልሃርዚያም አለ፤ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። የአካባቢውን ታንኳ ቀዛፊ ሳይጠይቁ ካሜራ መትከል አይገባም።

ቀረጻ ሲያልቅ ልብሱ ተገልብጦ ጥላ ሥር ይሰቀላል፤ አይታጠፍም፤ እጅና እግሩ አሮጌ ጋዜጣ ይሞላል። ውስጡ 70 በመቶ አልኮል ይረጫል። ዳግም አረቄ ሽታ ያጠፋል፤ ጀርም ለመግደል ግን አልኮሉ አይደርስም። የውስጥ ልብስ የእያንዳንዱ ተዋናይ የግሉ ይሁን፤ አንድ ልብስ ለሦስት ሰው ሲዞር ጭርት አብሮ ይዞራል።

ከጋዜጣችሁ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ፊልም ስትገመግሙ ጭምብሉን የሠራውን ብቻ ሳይሆን ውስጡ ማን እንደነበረ ጠይቁና ስሙን ጻፉ፤ የጭራቁ ራስ በየስንት ደቂቃው ይወልቅ እንደነበረም የፊልሙን አዘጋጅ ጠይቁ። ጥያቄው በጋዜጣ እንደሚመጣ ያወቀ አዘጋጅ መቀስ የሚይዘውን ረዳት ይቀጥራል።

ከአክብሮት ጋር፤
የአልባሳትና ጭምብል ሠሪዎች፣ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ